የጥይት ፍጥነት ሲለካ፤ ቁጥሩ ማስረጃ የሚሆነው መቼ ነው?

በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ አንድ ረዥም የአየር ጠመንጃ እርሳሱን ከአፈሙዙ የሚያስወጣበት ጉልበት ከ12 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ16.27 ጁል ገደማ ካልበለጠ፣ ዕድሜው የደረሰ ሰው ያለ ፖሊስ የምስክር ወረቀት ሊይዘው ይችላል፡፡ ከዚያ ከበለጠ ግን የምስክር ወረቀት የግድ ነው፤ ያለዚያ ይዞት የተገኘ ሰው በወንጀል ይጠየቃል፡፡ ጀርመን ድንበሩን 7.5 ጁል ላይ አስምራለች፡፡ ካናዳ ደግሞ ከ152.4 ሜትር በሰከንድና ከ5.7 ጁል፣ ሁለቱንም ያለፈውን የአየር ጠመንጃ ከፈቃድ ሥርዓቷ ውስጥ ታስገባለች፡፡

እንግዲህ ልብ በሉ፡፡ ይህን ድንበር በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፡፡ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ መልካቸውም ክብደታቸውም አንድ የሆነ ሁለት ጠመንጃዎች አንዱ ሕጋዊ፣ ሌላው ሕገወጥ ሊሆኑ ይችላሉ፡፡ የሚለያቸው ክሮኖግራፍ የሚባል አነስተኛ መለኪያ የሚያሳየው ቁጥር ነው፡፡

እኔ ሕግ ያጠናሁ እንጂ የተኩስ ባለሙያ አይደለሁም፡፡ ሆኖም በሥራ ዘመኔ ብዙ የባለሙያ ሪፖርት አገላብጫለሁ፡፡ ደጋግሜ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ቁጥር የሰፈረበት ሪፖርት ሲቀርብ ክርክሩ ወዲያው ቀዝቀዝ ማለቱን ነው፡፡ የሰው ምስክር ሲቀርብ የት ቆመህ ነበር፣ ብርሃን ነበረ ወይ፣ በምን ያህል ርቀት አየህ ብለን እናፋጥጠዋለን፡፡ መለኪያን ግን የት እንደቆመና በምን ብርሃን እንዳየ አንጠይቀውም፡፡ የጥይት ፍጥነት መለኪያ ደግሞ እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ቃል በቃል የሚመለከቱት ነገር ነው፡፡ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መለኪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚተከልና ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ በዝርዝር ለማስረዳት እሞክራለሁ፡፡ አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፤ የአለካኩ መዝገብ አብሮት ያልቀረበ የፍጥነት ቁጥር እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባውም፡፡

ክሮኖግራፍ ምንድን ነው?

ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ “ጊዜን የሚጽፍ” ማለት ነው፡፡ የሩጫ ሰዓት ያለው የእጅ ሰዓትም በዚሁ ስም ይጠራል፡፡ እዚህ የምናወራው ግን ጥይት የታወቀ ርቀት ለማቋረጥ የሚፈጅበትን ጊዜ ስለሚቆጥረው መለኪያ ነው፡፡

የጥይት ፍጥነት በተግባር ሊለካ የቻለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፡፡ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ላይ ተኩሶ እንጨቱ ምን ያህል እንደተወዛወዘ በመለካት የጥይቱን ፍጥነት የሚያሰላበትን ዘዴ አስተዋወቀ፡፡ በዚያ ዘዴ ጥይት ከድምፅ ፍጥነት በላይ እንደሚበርና አየር የሚያደርስበት ተቃውሞም ሊቃውንቱ ከገመቱት እጅግ የበዛ መሆኑ ታወቀ፡፡ በ1860ዎቹ ቤልጂየማዊው የመድፈኛ መኮንን ለቡላንዤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክሮኖግራፍ ሠራ፡፡ ጥይቱ የመጀመሪያውን ሽቦ ሲበጥስ አንድ ዘንግ መውደቅ ይጀምራል፤ ሁለተኛውን ሲበጥስ ቢላዋ በሚወድቀው ዘንግ ላይ ምልክት ይቀርጻል፡፡ ዘንጉ እስከ ምልክቱ ምን ያህል እንደወደቀ በመለካት ጊዜው ይሰላል፡፡

ዛሬ በየተኩስ ክበቡ በብዛት የሚታየው በብርሃን የሚሠራው ነው፡፡ ከፊትና ከኋላ ሁለት የብርሃን ዐይኖች አሉት፡፡ ዐይኖቹ ወደ ላይ ያያሉ፡፡ ጥይቱ በላያቸው ሲያልፍ ጥላው ብርሃኑን ለቅጽበት ይቀንሰዋል፤ የፊተኛው ዐይን ቆጠራውን ያስጀምራል፣ የኋለኛው ያስቆማል፡፡ ርቀቱ ለጊዜው ሲካፈል ፍጥነት ይገኛል፡፡ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፡፡

ስህተቱ ከየት ይመጣል?

ሒሳቡ ቀላል ይሁን እንጂ ጊዜው እጅግ አጭር ነው፡፡ በዐይኖቹ መካከል ያለው ርቀት 60 ሴንቲ ሜትር፣ የጥይቱ ፍጥነት 800 ሜትር በሰከንድ ቢሆን፣ መንገዱ የሚፈጀው 750 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ ነው፡፡ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት 750 ይቆጥራል፡፡ በአንድ ቁጥር ቢሳሳት የሚመጣው ልዩነት ከ1 ሜትር በሰከንድ ብዙም አይበልጥም፡፡

ትልቁ ችግር ያለው ሰዓቱ ዘንድ ሳይሆን ርቀቱ ዘንድ ነው፡፡ አንደኛው ዐይን ጥይቱን በ3 ሚሊ ሜትር ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢያየው፣ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ የግማሽ በመቶ ስህተት ይሆናል፤ ይህም 4 ሜትር በሰከንድ ማለት ነው፡፡ የዐይኖቹ ርቀት ወደ 120 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ያው ስህተት በግማሽ ይቀንሳል፡፡ ጥንቁቅ ለካዎች ሰፋ ያለ ርቀት የሚመርጡት ለዚህ ነው፡፡ የአሜሪካው ኦህለር ኩባንያ በአንዳንድ መለኪያዎቹ ላይ ሦስተኛ ዐይን ጨምሮበታል፡፡ ያን ጊዜ ለአንድ ጥይት ሁለት ንባብ ይገኛል፡፡ ሁለቱ ካልተስማሙ ለካው ጥርጣሬ ይገባዋል፡፡ በእኛ ቋንቋ ሁለተኛ ምስክር መቁጠር ነው፡፡

አተካከሉ

አንደኛ፣ ደህንነት፡፡ መለኪያው የሚቆመው ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ለማስተካከል የሚሄድ ሰው ጠመንጃው ወደሚያነጣጥርበት አቅጣጫ ይገባል ማለት ነው፡፡ እንግሊዝ አገር የሚኖር የእህቴ ልጅ አባል ወደሆነበት ክበብ ሲወስደኝ ከሁሉ አስቀድሞ የነገረኝ ይህንኑ ነበር፡፡ “ጋሼ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሳላሳይዎት አንድ እርምጃ ወደ ፊት እንዳይሄዱ” አለኝ፡፡ ትክክል ነው፡፡ ጥይት ያልጎረሰ መሆኑ በዓይን ይረጋገጣል፣ ጠመንጃው ክፍት ሆኖ መደገፊያው ላይ ይቀመጣል፣ ሁሉም ሰው እጁን ከእርሱ ያነሳል፡፡ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መለኪያው የሚኬደው፡፡

ሁለተኛ፣ ከአፈሙዙ ያለው ርቀት፡፡ ባሩድ የሚያቃጥል ጠመንጃ ሲተኮስ ከጥይቱ ጋር ነበልባል፣ ጭስና የአየር ግፊት አብሮ ይወጣል፡፡ መለኪያው በጣም ከቀረበ የፊተኛው ዐይን ከጥይቱ ይልቅ ግፊቱን ሊያይ ይችላል፡፡ ውጤቱ ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው፡፡ ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጠመንጃ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይመከራል፡፡ ለአየር ጠመንጃ 1 ሜትር ያህል ይበቃል፡፡ ርቀቱ የትም ይሁን የት በሜትር ተለክቶ መጻፍ አለበት፤ የተለካው ፍጥነት አፈሙዙ ላይ የነበረው ሳይሆን እዚያ ርቀት ላይ የነበረው ነውና፡፡ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ ከዚያ በጥቂቱ የፈጠነ ነበር፡፡

ሦስተኛ፣ ቀጥ ማለቱ፡፡ መለኪያው ጠንካራ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሆኖ ከጥይቱ መንገድ ጋር ትይዩ መሆን አለበት፡፡ ጥይቱ በሰያፍ ካለፈ በሁለቱ ዐይኖች መካከል የሚጓዘው ርቀት ይረዝማል፣ መለኪያው ግን ይህን አያውቅም፡፡ በ5 ዲግሪ ማዘንበል ንባቡን በ0.4 በመቶ ያህል ያሳንሰዋል፡፡ በ10 ዲግሪ 1.5 በመቶ ይደርሳል፤ 800 የነበረው 788 ሆኖ ይነበባል፡፡ ማዘንበል ሁልጊዜ የሚያሳንስ እንጂ የሚያስበልጥ ስህተት አለመሆኑን ልብ ይሏል፡፡

አራተኛ፣ ጥይቱ የሚያልፍበት ከፍታ፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ከዐይኖቹ በላይ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ባለው መስኮት መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል፡፡ እዚህ ላይ ብዙ ሰው መለኪያውን በጥይት ይመታል፡፡ ምክንያቱም ማነጣጠሪያ መነጽሩ ከበርሜሉ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተገጠመ ነው፡፡ በቅርብ ርቀት ጥይቱ ዓይን ከሚያየው መስመር በታች ይሄዳል፡፡ በመነጽር ሲታይ ነፃ የመሰለው መንገድ ለጥይቱ ነፃ ላይሆን ይችላል፡፡ መፍትሔው በባዶው በርሜል ውስጥ አሻግሮ አይቶ መንገዱን ማረጋገጥ፣ ከኋላም ወረቀት ዒላማ አቁሞ የመጀመሪያው ጥይት የት እንዳለፈ ማየት ነው፡፡

አምስተኛ፣ ብርሃን፡፡ በጠራራ ፀሐይ ጥይቱ ራሱ ያበራል፤ ዐይኑም ከጥላው ይልቅ ነጸብራቁን ሊያይ ይችላል፡፡ ስለዚህ ከዐይኖቹ በላይ ብርሃን የሚያለዝብ ነጭ ፕላስቲክ ክዳን ይደረጋል፡፡ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን መለኪያው ብዙውን ጊዜ ያለ ክዳኑም ደህና ያነባል፡፡ ጠዋትና ማታ ፀሐይ አዘቅዝቃ በጎን ስትገባ ያስቸግራል፡፡ ከቤት ውስጥ የፍሎረሰንት መብራት የባሰ ነው፤ 50 ኸርዝ መብራት ባለበት አገር በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ መለኪያውን ያሳስተዋል፡፡ ለቤት ውስጥ የራሱ ኢንፍራሬድ መብራት ያለው መለኪያ ይመረጣል፡፡

በመጨረሻም ባትሪው አዲስ ይሁን፡፡ ፍጥነቱ አስቀድሞ በሚገባ የታወቀ ጥይት ተተኩሶ ወይም ሁለት መለኪያዎች ተከታትለው ቆመው ንባባቸው ይመሳከር፡፡ ይህ ምስከራ የቀኑ መዝገብ የመጀመሪያ መስመር ሊሆን ይገባዋል፡፡

ብርሃን የማይፈልጉ መለኪያዎችም አሉ፡፡ አንዱ ዓይነት በርሜሉ ጫፍ ላይ ታስሮ በመግነጢስ የሚሠራ ነው፡፡ ለፍጥነት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በርሜሉ ላይ ክብደት ስለሚጨምር ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ሊቀይር ይችላል፡፡ ሌላው ከጠመንጃው ጎን የሚቀመጥ ራዳር ሲሆን ጥይቱን እየተከተለ ወደ ኋላ አስልቶ የአፈሙዙን ፍጥነት ይሰጣል፡፡ ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ኪስ ውስጥ የሚገባ ራዳር ሥራውን በጣም አቅልሎታል፡፡ ራዳር ሲቀል ግን አዲስ ጥያቄ ይመጣል፤ ያየው የማንን ጥይት ነው? ብዙ ሰው ጎን ለጎን በሚተኩስበት ሥፍራ ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም፡፡

ስንት ጥይት ይበቃል?

ሁለት ጥይት ተኩሶ አማካይ ወስዶ መሄድ የተለመደ ስንፍና ነው፡፡ ከአንድ ካርቶን የወጡ ጥይቶች እንኳ አንድ ዓይነት ፍጥነት የላቸውም፡፡ ስለዚህ ከአማካዩ ጋር የከፍተኛውና የዝቅተኛው ልዩነት፣ እንዲሁም መደበኛ ልይይቱ መጻፍ አለበት፡፡

ታዲያ የናሙናው ብዛት ወሳኝ ነው፡፡ በ5 ጥይት የተገኘ መደበኛ ልይይት 10 ሜትር በሰከንድ ቢሆን፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር የሚቻለው እውነተኛው ልይይት ከ6 እስከ 29 ገደማ ባለው መካከል መሆኑን ብቻ ነው፡፡ በ10 ጥይት ከ7 እስከ 18፣ በ20 ጥይት ከ8 እስከ 15 ገደማ ይጠብባል፡፡ በአምስት ጥይት “ይኼኛው ባሩድ ከዚያኛው ይሻላል” ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው፡፡

ሙቀትም ይመዝገብ፡፡ ባሩድ ሲሞቅ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥይትና ጥላ ውስጥ የቆየ ጥይት አንድ ንባብ አይሰጡም፡፡ የበርሜሉ ርዝመት፣ የእርሳሱ ክብደትና የጥይቱ የምርት ቁጥርም እንዲሁ፡፡ የቦታው ከፍታ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ለሚደረግ ልኬት ብዙም ለውጥ የለውም፡፡ በሩቅ ግን አለው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ስለሆነ ጥይት ፍጥነቱን የሚያጣው ቀስ ብሎ ነው፡፡

ከፍጥነት ወደ ጉልበት

ፍጥነት ብቻውን ጉልበትን አይነግረንም፡፡ ጉልበት የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ ነው፡፡ አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ የሆነው የፈረንሳዩ ውጅግራ 25 ግራም የሚመዝን እርሳሱን በ450 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይተኩሳል፡፡ ክላሽ ደግሞ 8 ግራም የማይሞላውን በ715 ሜትር በሰከንድ ገደማ፡፡ ሲሰላ ውጅግራው 2,500፣ ክላሹ 2,000 ጁል አካባቢ ይመጣል፡፡ ቀርፋፋው አዛውንት ከአፈሙዙ ላይ በጉልበት ይበልጣል፡፡ ስለዚህ ከክሮኖግራፉ ጎን ሁልጊዜ ሚዛን መኖር አለበት፡፡ እርሳሱ በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ክብደት ሳይሆን ራሱ ተመዝኖ ይሰላ፡፡

ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ ስህተቱም ይበዛል፤ በፍጥነት ላይ የ1 በመቶ ስህተት በጉልበት ላይ 2 በመቶ ይሆናል፡፡ ወደ እንግሊዙ ሕግ እንመለስ፡፡ እርሳሱ 0.55 ግራም፣ እውነተኛ ፍጥነቱ 241 ሜትር በሰከንድ የሆነ ጠመንጃ ጉልበቱ 15.97 ጁል ነው፤ ሕጋዊ ነው፡፡ መለኪያው በ1 በመቶ አብዝቶ ቢያነብ 243.4 ይላል፤ ጉልበቱ 16.29 ጁል ይሆናል፡፡ ገደቡ 16.27 ነበር፡፡ በአንድ በመቶ ስህተት ሕግ አክባሪው ሰው ወንጀለኛ ሆነ ማለት ነው፡፡

አንድ ሰንጠረዥ፣ ሁለት ፍርድ

የሕግ ባለሙያ ሊያጤነው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፡፡ የእንግሊዙ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲወጣ የተጠቀመበት አገላለጽ ጠመንጃው ይህን ጉልበት የመስጠት “አቅም ያለው” እንደሆነ የሚል ነው፡፡ ልኬቱም ጥይቱ “ከአፈሙዙ ሲወጣ” ነው፡፡ አምስት ጥይት ተተኩሶ 240፣ 241፣ 242፣ 243 እና 244 ሜትር በሰከንድ ቢነበብ አማካዩ 242 ነው፤ 16.1 ጁል፣ ከገደቡ በታች፡፡ የመጨረሻው ጥይት ብቻውን ግን 16.37 ጁል ነው፡፡ ሕጉ የሚጠይቀው ስለ አቅም ስለሆነ አማካዩ ባለቤቱን አያድነውም፡፡ በዚያ ላይ አንዱ ዓይነት እርሳስ ከገደቡ በታች ሲሆን፣ ከዚያው ጠመንጃ የሚወጣ ሌላ ዓይነት ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል፡፡ አስተዋይ ባለቤቶች ጠመንጃቸውን ከገደቡ ዝቅ አድርገው የሚያስተካክሉት በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ከዚህ በተቃራኒ የዓለም አቀፉን የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ደንብ እንይ፡፡ በዚህ ስፖርት የሽጉጥ ተወዳዳሪ ጥይቱ ቢያንስ 125 ነጥብ ኃይል ሊኖረው ይገባል፡፡ ነጥቡ የሚገኘው የእርሳሱ ክብደት በግሬይን፣ በፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል ነው፡፡ ክፍልፋይ አይቆጠርም፤ 124.9 ማለት 124 ነው፡፡ ዳኞቹ መለኪያውን በየቀኑ ያመሳክራሉ፡፡ ከተወዳዳሪው ስምንት ጥይት ይወሰዳል፡፡ አንዱ ተፈትቶ እርሳሱ ይመዘናል፣ ሦስቱ ይተኮሳሉ፡፡ ከወደቀ ሌላ ሦስት ይተኮስና ከስድስቱ ፈጣኖቹ ሦስቱ ብቻ ይያዙለታል፡፡ አሁንም ከወደቀ የቀረችውን አንዲት ጥይት ትመዘን ወይስ ትተኮስ ብሎ የሚመርጠው ራሱ ነው፡፡ በዚህ ሁሉ ወድቆ እንኳ ውድድሩን መጨረስ ይችላል፤ ነጥብ ብቻ አይያዝለትም፡፡

ይህን ደንብ ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ፡፡ የመከላከል መብት ማለት ይህ ነው፡፡ ናሙናው ይታወቃል፣ መለኪያው ይመሳከራል፣ ጥርጣሬው ለሚመረመረው ሰው ይተረጎማል፡፡ አንድ የስፖርት ማኅበር ለነጥብ ሲል ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ የሰው ነፃነት የሚወሰንበት ምርመራ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል?

ሪፖርት ሲቀርብ ምን እንጠይቅ?

መለኪያው ከአፈሙዙ በስንት ሜትር ቆመ? ዐይኖቹ ምን ያህል ተራራቁ? በዚያን ቀን በምን ተመሳከረ? ስንት ጥይት ተተኮሰ፣ ሁሉም ንባብ ነው የቀረበው ወይስ አማካዩ ብቻ? “የማይረባ” ተብሎ የተጣለ ንባብ አለ ወይ፣ ለምን ተጣለ? እርሳሱ ተመዝኗል? ሙቀቱ ስንት ነበር? ጠመንጃው ተይዞ እስኪለካ የት ቆየ፣ ማን ነካው? ሕጉ የሚጠይቀው አማካዩን ነው ወይስ ከፍተኛውን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ባለሙያ አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል፡፡ የሚቆጣው መዝገብ ያልያዘው ነው፡፡

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማንንም ወደ ተኩስ ሜዳ የሚጋብዝ አይደለም፡፡ ጥያቄዎቹ ግን ከጠመንጃ አልፈው ይሄዳሉ፡፡ የትራፊክ ፖሊሱ ራዳር፣ የትንፋሽ አልኮል መመርመሪያው፣ የመብራት ቆጣሪው ሁሉም ቁጥር ይሰጣሉ፡፡ ሁሉም የቆሙበት ቦታ፣ የተመሳከሩበት ቀንና የስህተት ወሰን አላቸው፡፡ እነዚህን የማይጠይቅ ጠበቃ ደንበኛውን፣ የማይጠይቅ ዳኛ ደግሞ ፍትሕን ለአንድ ባትሪ አሳልፎ ይሰጣል፡፡